«ገባ ወይ?»

በዲሴምበር አጋማሽ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን፣ ታናሽ ወንድማችን ስልኩን ሲከፍት ሁላችንም ከበብነው። እስከ ኖቬምበር 1 ለኢንጂነሪንግ ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ መልስ ልኳል፦ «ዲፈርድ»። እናታችን «ገባ ወይስ አልገባም?» አለች። ሁለቱም አልነበረም። ማመልከቻው ከመደበኛው ዙር አመልካቾች ጋር እንደገና ይታያል፤ ቁርጡ የሚታወቀው በማርች መጨረሻ ገደማ ነው።

የኢንጂነሪንግ ቦታ ውስን በመሆኑ ዕድሉ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ወንድማችን የግማሽ ዓመት ውጤቱን አስላከ፤ ፍላጎቱ እንዳልተለወጠ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ ለሌሎች ኮሌጆችም አመለከተ። ሰበቡን አደረሰ።

እኛ ግን አፈርን። ከአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ «ገባ ወይ?» ሲለን «ኢንሻአላህ» ብለን ወሬ እንቀይር ነበር። አንድ ማታ ሰምቶን «ኢንሻአላህን መሸሸጊያ አታድርጉት» አለን። አንገታችንን ደፋን።

በማርች የመጣው መልስ «አልተቀበልንህም» ሆነ። ዛሬ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወር አስቧል። አሁን ሲደወልልን ሙሉውን እንናገራለን፤ «ኢንሻአላህ» የምንለውም ከልባችን ነው።

እንዲህ ያለ መልስ የደረሳችሁ እህትና ወንድሞች፣ ሰበቡን አድርሱ። ቤተሰብም አይፈርባችሁ።