ዳገት፣ ድንች እና የአንድ ቀን መንገድ

የአዲስ አበባ ልጅ ዳገት አያስፈራውም ይባላል። ማን እንዳለው ግን እንጃ። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ በእግሩ የወጣ ሁሉ የሚለው ነገር ነው። እኔም ለትምህርት ኬፕታውን በከረምኩበት ዓመት ይህንን እያልኩ «ኬፕታውን ሳይክል ቱር» ላይ ተመዘገብኩ። እንዳትደነግጡ፣ ስፖርተኛ አይደለሁም። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው የሚችለው ስፖርት ከጋዜጣዊ መግለጫ ወደ ጋዜጣዊ መግለጫ መሮጥ ነው። ብስክሌቷም የአብራኝ ነዋሪ ልጅ ናት፤ ካቴናዋ ተቀብቶ፣ ፍሬኗ ታይቶ፣ «አደራሽን» ተብሎ የተሰጠችኝ።

ለማያውቁት ላስተዋውቅ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቢል ማይልሪያ እና ጆን ስቴግማን የሚባሉ ሁለት ሰዎች «ለብስክሌት መንገድ ይሠራልን» ብለው ሕዝብ አሰባስበው በብስክሌት አደባባይ ወጡ። በዓመቱ፣ በ1978፣ ውድድሩ ተወለደ። ዛሬ 109 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በአንዳንዱ ዓመት እስከ 35,000 ሰው የሚመዘገብበት ዝግጅት ሆኗል። አብዛኛው እንደ እኔ አማተር ነው። የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ አያት፣ ተማሪ… ፕሮፌሽናሎቹ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ እኛ የቀረነው ደግሞ ከእነሱ ጋር አንድ መንገድ ረገጥን ብለን እንኮራለን።

እንግዲህ ስለ አደረጃጀቱ ላውራ፤ ምክንያቱም እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ፊሽካ ቢለቁት ምን እንደሚከተል አስቡት። እነሱ በየአቅሙ በቡድን በቡድን ይከፍሉታል። ቡድኖቹ ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው ልዩነት ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ሰው ይዞት በሚሄደው ቺፕ የራሱ ሰዓት ለብቻው ይያዝለታል። ስለዚህ ዘግይቶ የተነሣ አልተበደለም፤ ቀድሞ የተነሣም አልተጠቀመም። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው። በየመንገዱ ውሃ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ጎማ የሚያስተካክል ባለሙያ አለ (ጎሚስታ ልበለው?)። ለመጨረስ 7 ሰዓት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የቆየውን ከኋላ የሚመጣ መኪና ይሰበስበዋል።

ከከተማው ወጥተን ወደ ደቡብ ስንወርድ ባሕሩ በግራችን ነበር። ሙይዘንበርግ፣ ፊሽ ሁክ፣ ሳይመንስ ታውን እየተባለ ይታለፋል። እስከዚያ ድረስ እየሳቅን፣ ፎቶ እየተነሣን ነው። ስሚትስዊንክል የሚባለው ዳገት ሲመጣ ወሬው ቆመ። የሚሰማው የማርሽ ድምፅና ትንፋሽ ብቻ። እዚህ ላይ የ2,300 ሜትር ከፍታ ልጅ መሆኔ በጀኝ፤ ሳንባዬ አላሳፈረኝም። እግሬን ግን ማንም አላማከረውም።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ባሕር ተሻግረን ቻፕማንስ ፒክ ደረስን። እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1922 ድረስ በገደል ላይ ተጠርቦ የተሠራ መንገድ ነው። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 114 መታጠፊያ አለው። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላ ወገን ውቅያኖስ። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ መስኮት ላየ ሰው መልኩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ከባድ መኪና ከፊት አይመጣብህም፤ መንገዱ ለዚያ ቀን የአንተ ነው።

የመጨረሻው ዳገት ሱይከርቦሲ ይባላል። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን የሚመጣው ከ90 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ እሱ ላይ ነው ተንኮሉ። እዚያ ጋ ብዙ ሰው ወርዶ ይገፋል። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ከኪሳቸው የተቀቀለ ትንንሽ ድንች በጨው እያወጡ ይበላሉ። አይተውኝ አንዱን ሰጡኝ። «ጣፋጭ ነገር እዚህ ላይ አይወርድም፤ ጨው ነው የሚያስፈልግሽ» አሉኝ። ስንት ጊዜ እንደተሳተፉ ጠየቅኳቸው። «አሥራ ሰባት ጊዜ» አሉ። «ይህን ዳገት ወጥተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ሁልጊዜ እወጣዋለሁ፤ በእግሬ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ገፋሁ። ማንም አላፌዘብንም። እንዲያውም መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ለሚጋልበው ካጨበጨቡት ይልቅ ለእኛ ያጨበጨቡት ይበልጥ ነበር።

እዚያው ዳገት ላይ መሪው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥብጣብ ያሰረ ሰው አየሁ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ስለው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አንቺ! ሐበሻ ነሽ እንዴ?» የሆሳዕና ሰው ነው፤ ከከተማው ወጣ ባለ የድሆች ሰፈር ሱቅ አለው። እየገፋን አወራን። ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ነው። ሦስት ጊዜ ተዘርፏል። እ.ኤ.አ. በ2008 በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት በተነሣ ጊዜ ዕቃውን ጥሎ ሸሽቶ ነበር። «እህቴ፣ እዚህ አገር ሰው ወደ እኔ ሲሮጥ ካየሁ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው» አለኝ። «ዛሬ ግን ልጆች እየሮጡ መጥተው ውሃ ይሰጡኛል። በርታ ይሉኛል። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም።»

«ነገስ?» አልኩት።

«ነገማ ሱቄን እከፍታለሁ።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር አላገኘሁም። እስከ ጫፉ ዝም ብለን ገፋን። ከዚያ ወደ ካምፕስ ቤይ ያለው ቁልቁለት ወሰደንና ተለያየን።

ብዙ ጊዜ «በደንብ የተደራጀ» ስንል ድንኳን፣ ባነርና የክብር እንግዳ ይታየናል። እኔ ያየሁት አደረጃጀት ግን መለኪያው መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው። ፈጣኑ መቼም ያለ ውሃም ይደርሳል። ጥያቄው ድንች እየበሉ የሚገፉት ሴትዮ በሰላም ይደርሳሉ ወይ የሚለው ነው። ደግሞ ማደራጀት ማለት ማስቆም መቻልም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ነፋሱ ሰውን ከነብስክሌቱ ሲያነሣ አዘጋጆቹ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ሰረዙት። በዚያው ሰሞን ሃውት ቤይ አጠገብ ኢሚዛሞ የቱ የሚባል የድሆች ሰፈር በእሳት ወድሞ ብዙ ሺህ ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። ለተሳታፊ የተዘጋጀው ውሃና ምግብ ወደዚያ ሄደ። ከዓመቱ የተሰረዘው ውድድር ብቻ ነበር፤ ዝግጅቱ ለሰው ደርሷል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሕዝብ ማደራጀትም አይከብደንም፤ ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ስንት ሺህ ሰው በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ሲያስሮጥ ኖሯል። «መንገድ ለሰው» እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲጀመር መንገድ ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ሲሆን ምን እንደሚመስል አይተናል። አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው መስመሩ ላይ የምትወጣዋ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የነዳች ሴት ታውቀዋለች። አንዱ «ቀስ በይ፣ እንዳትወድቂ» ይላል፣ ሌላው መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ደግሞ እዚህ የማይጻፍ ነገር ይወረውራል። አስፋልት ይህንን አይከለክልም። የሚከለክለው ብዛት ነው። አምስት ሺህ ሰው ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ እንጦጦን ሲወጣ፣ ግማሹ ሴት ሲሆን፣ እናቶች እየገፉ ሲወጡና ሰፈሩ ቆሞ ሲያጨበጭብ ያየ ጎረምሳ በማግስቱ ብቻዋን የምትነዳዋን ልጅ በሌላ ዓይን ያያታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። ኬፕታውን ሰኞ ጠዋት መንገዱ ለመኪና ተመለሰ፤ ያ ሰውዬም ወደ ፍርግርጉ ተመለሰ። በዓመት አንድ ቀን ያማረ በዓል የቀረውን 364 ቀን ሊያስረሳ ይችላል። እነ ማይልሪያ በ1977 የወጡት ለበዓል አልነበረም፤ መንገድ ለመጠየቅ ነበር። እኛም ስናዘጋጅ (እናዘጋጃለን፣ ምን ይሳነናል!) ጥያቄውን ከብስክሌቱ ጋር ይዘነው እንውጣ። ካላማዳሪና ፖምፓ የሚያቀርብ አይጠፋም። ድንቹን እኔ እቀቅላለሁ።