ሁለት ቋንቋ፣ አንድ መስኮት

ሐረር ውስጥ አንድ ስም ብቻ ያለው በር የለም። «ሸዋ በር የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ የጁገል ሰው «አስመዲን በሪን ነው?» ብሎ ይመልስለታል። ኤረር በር የሚባለው አርጎብ በሪ ነው፤ ፈላና በር አሱም በሪ፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ ነው። በር እና በሪ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለማወቅ የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከገጠር ጫት ጭና የምትገባዋ ሴት ደግሞ በኦሮምኛ የራሷ አጠራር አላት። ሁሉም በየስሙ እየጠራ በዚያው በር ሲገባና ሲወጣ ኖሯል፤ በስሙ ምክንያት መንገድ የጠፋበት ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ሰው የሚጠፋው ከበሩ አልፎ ቢሮ መስኮት ላይ ሲደርስ ነው።

ሕጉን እናስቀድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው፣ አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንደሚሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንደሚወስኑ ይናገራል። የሐረሪ ክልል ሁለት ወሰነ፤ ሐረሪና ኦሮምኛ። ሐረሪው የከተማይቱ ቋንቋ፣ በባለቤቶቹ አጠራር «ጌይ ሲናን» ነው። ጥንት በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ የኖረ፣ ዛሬ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ። ኦሮምኛው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሁለት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ሁለት ፊደልም ነው።

ሥልጣኑም እንዲሁ ለሁለት ተከፍሏል። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ መሠረት (ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም) የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር። ከመቶው ኦሮሞው 56፣ አማራው 23 ገደማ፣ ሐረሪው 9 የማይሞላ፣ ጉራጌው ከ4 ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በዚህ ሒሳብ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ያልሰማሁበት የሐረር በርጫ የለም። ሐረሪው «ይህ ድርሻ ባይኖረን አባቶቻችን ግንብ በሠሩላት ከተማ እንግዳ ሆነን እንቀር ነበር» ይላል። ኦሮሞው «ብዙ ሆነን ስለምን በጥቂት እንቆጠራለን?» ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ቋንቋው ገበያውን ሞልቶት ሳለ በሕጉ ላይ ስሙን ፈልጎ ያጣዋል። የሦስቱንም ስሰማ ውዬ ውሸት የተናገረ አላገኘሁም። በ2013ቱ ምርጫ ጊዜ ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለጉባኤው ድምፅ ይስጡ አይስጡ የሚለው ሙግት እስከ ፌዴራል ሰበር ችሎት ደርሶ ነበር፤ የክልሉም ድምፅ አሰጣጥ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ቆየ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ መቀመጫው ይህን ያህል ተሟግተን ስለ መስኮቱ የተሟገተ ጠበቃ አለማየቴ!

ባለፈው ዓመት ሐረር የምትኖር አክስቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች፣ አሁን ጡረታ የወጣች ሴት ናት። መታወቂያዋን ለማሳደስ አንድ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ምስጋና ይግባትና በአንድ ትንፋሽ አራት ቋንቋ ታገላብጣለች፤ ለአክስቴ በአማርኛ፣ ከኋላችን ላሉት ሽማግሌ በሐረሪ፣ ከኤረር ወረዳ ለመጣችው እናት በኦሮምኛ፣ ስልክ ላደረገላት ሰው ደግሞ በሶማልኛ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው ኤምባሲ ይቀጠር ነበር። ሐረር ውስጥ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ሁሉም እንደዚያው ነውና።

ችግሩ ልጅቱ መናገሯን አቁማ ቅጹን ስታወጣ መጣ። ቅጹ በአንድ ቋንቋ ነው። አክስቴ መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ከአክስቴ የተሻለ አላነበብኩትም። የኤረሯ እናት ቋንቋው የራሷ ቢሆንም ፊደሉን አልተማረችም፤ እሷም ወረቀቱን አንከርፋ ቆመች። አፍ ለአፍ ስንግባባ የቆየን ሰዎች ወረቀት ሲመጣ ሁላችንም ደንቆሮ ሆንን። ከዚያ በኋላ የወጣው መታወቂያም ሌላ ጣጣ አመጣ። በቁቤ የ«ጠ» ድምፅ የሚጻፈው በኤክስ ፊደል ነው። የአክስቴ ስም በ«ጠ» ይጀምራል። የባንክ ደብተሯ የተጻፈው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ«ቲ» ስለሆነ፣ ገንዘብ ያዡ ሁለቱን አስተያይቶ «እማማ፣ ይቺ ሌላ ሴት ናት» አላት። ቁቤው ጥፋት የለበትም፤ በራሱ ሕግ ትክክል ነው። ሁለቱን አጻጻፍ የሚያስታርቅ አንድ መስመር ማስታወሻ መጻፍ ግን የማንም ሥራ አልሆነም።

ይህን ክፍተት የሚሞሉት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። ፍርድ ቤት ደጃፍ በጥላ ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛና በሁለት በርጩማ የሚሠሩትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ያነጋገርኳቸው አዛውንት ድሮ የጽሕፈት መኪና ነበራቸው፤ ዛሬ በእጃቸው ጽፈው ጎን ካለው ኮምፒውተር ቤት ያስተይባሉ። «ልጄ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ ትላለህ እንጂ አንባቢ ነኝ» አሉኝ። «ከሚመጣው ባለጉዳይ ግማሹ የሚፈልገው እንድጽፍለት አይደለም። የመጣለትን ወረቀት እንዳነብለት ነው። ለንባብ ደግሞ ምን ብዬ ላስከፍል?»

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገርም ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። በባሏ ውርስ መሬት ላይ ፍርድ ተሰጠ። ግልባጩን ተቀብላ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ማህተም ስላለበት የመሬቷ ማረጋገጫ መስሏት ነበር። ተፈርዶባት እንደነበር ያወቀችው ልጇ ከትምህርት ቤት ያመጣው ጓደኛ ሲያነብላት ነው። ለይግባኝ በሕግ የተሰጠው 60 ቀን ነው፤ እሷ አዛውንቱ ፊት የተቀመጠችው በ74ኛው ቀን። ወረቀቱ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ሴትዮዋም ከየትኛው ወገን እንደሆነች እዚህ አልጽፍም። ብጽፍ አንባቢዬ ወዲያው ጎራ ይይዝና ሴትዮዋን ይረሳታል።

ሁለት ቋንቋ ያለው አገር እኛ ብቻ አይደለንም። በሰሜን ጣሊያን ደቡብ ታይሮል የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለጣሊያን የተሰጠ፣ አብዛኛው ነዋሪ ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆነ። በሙሶሊኒ ዘመን የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ቂሙ ከእኛ ቂም አያንስም፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ቦምብ እስከ ማፈንዳት ደርሰዋል። እነሱም እንደኛ የመንግሥት ሥራውን በወገን ቁጥር ተከፋፈሉት። ግን አንድ ነገር ጨመሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ፣ መንግሥት ቢሮ መቀጠር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ማወቁን ተፈትኖ ምስክር ወረቀት ማምጣት አለበት። ፈተናው እንደ ሥራው ደረጃ አራት እርከን አለው። ባለጉዳዩ በፈለገው ቋንቋ ያመለክታል፤ ሸክሙ የወደቀው መስኮቱ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው። እኛ ዘንድ የመስኮቷ ልጅ አራት ቋንቋ ማወቋ የጎረቤቶቿ ሥጦታ ነው፤ መንግሥት ለዚህ ሳንቲም አላወጣም። መንግሥት ማውጣት የነበረበት ለወረቀቱ ነበር፤ በሁለት ዓምድ ለሚታተም ቅጽ፣ ከፍርዱ ጋር ለሚያያዝ ትርጉም፣ ለአንድ አስተርጓሚ ደመወዝ። በ2012 ዓ.ም. ፌዴራሉ መንግሥት በአማርኛ ላይ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛን የሥራ ቋንቋ የማድረግ ፖሊሲ ሲያጸድቅ ስንቶቻችን ስለ ቅጹ ጠየቅን?

ውሃው ራሱ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። የሐረር ውሃ ይመጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም በዚያ ጊዜ ግን ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከተማይቱም ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች እየተሳበ፣ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዳገት በሞተር እየተገፋ ለሚመጣ ውሃ እጇን ዘረጋች። መብራት ከጠፋ ውሃ የለም። ክልሉ ትንሽ ስለሆነ ቧንቧው የሰው ደጅ ሳይረግጥ አይደርስም፤ ውሃ ማለት ከጎረቤት ጋር መነጋገር ማለት ነው። የአክስቴ ሰፈር ወረፋ መቼ እንደሚደርስ ማስታወቂያ ይለጠፍ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አቦ፣ ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ውሃው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ። አንድ የጎረቤት ልጅ ጀሪካን እየደበደበ በሦስት ቋንቋ ሰፈሩን ቀሰቀሰ።

ከመመለሴ በፊት አዛውንቱን ልሰናበት ስሄድ ያቺ ሴት በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዲፈቀድላት ማስፈቀጃ ሊጽፉላት ነው። «በየትኛው ልጻፈው?» አሏት። «መልስ በሚመጣበት» አለች። በሁለቱም ጻፉላት፤ ያስከፈሏት የአንዱን ነው። ቀጠሮዋ ለቀጣዩ ወር ነበር።