ጭሮ አዳሪ

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አሁን ተርጓሚ ሆናለች። በያዘችው ታሪክ ውስጥ አንድ ሰውዬ ኑሮውን «ስክራብል» እያደረገ ይኖራል። «ቲቸር፣ ስክራብል እኮ እኛ የምናውቀው ጨዋታውን ነው! ሰውየው ፊደል እየገጣጠመ ነው እንዴ የሚበላው?» ትላለች። ሳቄ መጣ። (ያን ካርቶኑ የተቀደደ ስክራብላችንን የምታስታውሱ እዚህ አትጠፉም።)

ቃሉ ግን ከጨዋታው በመቶ ዓመታት ይበልጣል። እንግሊዝኛ ከደች የወሰደው ነው፤ መነሻው መፋቅ፣ መቧጠጥ ነው። በጥፍር መሬት መጫር፣ በጨለማ በእጅ መደባበስ፣ ዳገት እየቧጠጡ መውጣት፣ መሞነጫጨርም ጭምር ስክራብል ይባላል። ዳዊት በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት እብድ መስሎ የበሩን ሳንቃ ሲቧጭር፣ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ቃል ነው የሚነግረን። ሰውየው ነፍሱን ሊያተርፍ ነው የሚቧጭረው። ድንጋያማና ፍሬ የማይሰጥ መሬትን ደግሞ አሜሪካኖች «ሃርድስክራብል» ይሉታል።

ጨዋታውስ ቢሆን? አልፍሬድ በትስ የሚባል አርክቴክት አሜሪካ በ1930ዎቹ በኢኮኖሚ ድቀት ስትመታ ሥራ አጣ። ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ላይ ሆሄ ቆጠረ፤ የትኛው ይበዛል እያለ። «ኢ» 12 ጠጠር ያገኘችው፣ «ዜድ» አንዲት ብቻ ሆና 10 ነጥብ የምታስገኘው በዚያ ቆጠራ ነው። አምራቾች ግን አልፈልግም አሉት። ስክራብል የሚለው ስም የመጣው በ1948 ነው፤ ያወጣውም ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሌላ ሰው ነው።

እና ለተማሪዬ «ጭሮ አዳሪ በይው» አልኳት።

«አይከብድም ቲቸር? ስድብ አይመስልም?»

እውነቷን ነው፣ ቃሉን ንቀት ለምዶበታል። ተረታችን እንኳ ለጫሪ አይራራም፤ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ክብሪት ይጫራል፣ ከጎረቤት እሳት ይጫራል፣ ጠብም ይጫራል። ደብዳቤስ? እሱም ይጫራል! እንግሊዝኛው በአንድ ቃል መሬት መቧጨርንና መጻፍን እንደያዘ ሁሉ የኛም ይዟል። ይህን ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት አይደለም።

አባቴ መንዝ ውስጥ ድንጋይ የሚያበቅል ማሳ ነበረው። ለቅመን ጥግ እንከምራለን፣ በዓመቱ ሲታረስ ሌላ ድንጋይ ብቅ ይላል። የዘራውን ያህል እንኳ ያላገኘበት ዓመት ነበር። ጭሮ አዳሪ ማለት እሱ ነው፤ ስድብ ከሆነ እኔም የተሰዳቢው ልጅ ነኝ። «ስለዚህ እንዳትቀይሪው» አልኳት።

ፊደል አልቆጠረም፣ አባቴ። ታላቅ ወንድሜ ወታደር ቤት ነበር። ማታ ኩራዙን ወደኔ ጠጋ ያደርግና «ና እስቲ ለወንድምህ ሁለት መስመር ጫርለት» ይለኛል። ቀን እሱ ሲጭር ይውላል፣ ማታ እኔ እጭራለሁ። በዚያ በከፋው ዓመት ሰላምታውን ሁሉ ካስጻፈኝ በኋላ «አዝመራውስ ምን ልበለው?» አልኩት። የተሰነጣጠቀ እጁን እያየ ቆየ።

«ደህና ነው በለው።»

ጻፍኩ። «አነበብከው?» አለኝ። አነበብኩለት። «በጣም የሚል ጨምርበት» አለ።