ዳገት የሚወጣው ውሃ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር

ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዳገቱ ጫፍ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ሾፌሩ በየጥምዝምዙ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያቃስታል።

"ሐረር ምን ልትሠራ ነው?" አለኝ። እዚህ አገር አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ እንግዳም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ "አንተ" ነው።

"ስለ ውሃ ልጠይቅ።"

"አቦ፣ ውሃውማ ከእኛ ጋር እየወጣ ነው" ብሎ በአገጩ ወደ ተራራው አመለከተ። "እኛ በናፍጣ እንወጣለን፣ እሱ በመብራት። መብራት ከሄደ እዚያው ታች ይቀራል።"

ነገሩ እንዳለው ነው። የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ወገን፣ ሐሰሊሶ ከሚባለው ቆላ ጉድጓዶች ይሳባል። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተዘረጋው መስመር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በየደረጃው በፓምፕ እየተገፋ ይህን ሁሉ ዳገት ይወጣል። ደንገጎ፣ አዴሌ፣ ሐረማያና አወዳይም ከዚሁ መስመር ይጠብቃሉ። ከጉድጓድ እስከ ማድጋ ባለው ሰንሰለት አንዱ ከተበጠሰ ከተማው በሙሉ ይጠማል።

ረፋድ ላይ፣ ሐረማያ

ሐረር በደጇ ሐይቅ ነበራት። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ውሃዋ የሚመጣው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ከሚርቀው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው መሬት ላይ ከብት ተሰማራበት።

ጥፋተኛውን አንድ ሰው ላይ ማሳረፍ ቀላል ነበር፤ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ሐረር ሳበች። ሐረማያና አወዳይ ሳቡ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሳበ። ገበሬው ጫቱንና ድንቹን ሊያጠጣ ሞተሩን ዳር ላይ ተከለ፤ ጫት በበጋ ስለሚወደድ ውሃ ያለው ገበሬ በበጋ ያገኛል። ዛፍ ያለቀበት ተረተር በየክረምቱ አፈሩን ወደ ሐይቁ ላከ። ደለሉ ሲሞላው ሐይቁ ጥልቀቱን አጣ፤ የሳሳውን ውሃ ፀሐይ ቶሎ ጨረሰችው። ሁሉም የየድርሻውን ወሰደ፤ ጠቅላላ ሒሳቡን የያዘ ግን አልነበረም።

ማታ፣ ሐረር

በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ከቡዳ በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶች ያምራሉ፤ ዓይኔ የቀረው ግን በሩ ሥር በተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ላይ ነው። ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ ክዳናቸው በቀይ ጨርቅ ታስሯል።

"ቀዩ ለመጠጥና ለወጥ ነው ልጄ" አሉኝ። "ሌላው ለልብስ። የልብሱ እጣቢ ደግሞ ለሽንት ቤት።"

ውሃ በፈረቃ ነው የሚለቀቀው፤ ፈረቃው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። የግቢው ቧንቧ ማፏጨት ጀምሯል። መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፤ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ፤ ከዚያ ጠራ። እኔ ጀሪካን አቀብላለሁ፣ እሳቸው ይሞላሉ። አምስተኛው ላይ የውሃው ክር ቀጠነ።

"ታች ሰፈር ከፈቱ" አሉ ጣታቸውን ቧንቧው አፍ ላይ እንዳደረጉ።

ውሃ ሲለቀቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ሮቶና ዲናሞ ያለው ቤት ለሳምንት የሚሆነውን ይስባል፤ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ቤት ግፊት ያጣል። ሮቶ የሚገዛው ሰው አይፈረድበትም፤ ነገ እንደማይመጣ ያውቃልና። ግን የፈረቃው መራቅ ማጠራቀምን ያመጣል፣ ማጠራቀሙ ደግሞ ፈረቃውን ለድሃው ይበልጥ ያርቃል። ያልደረሰው በጋሪ ወይም በባጃጅ የመጣ ጀሪካን ይገዛል፤ ለአንድ ሊትር ከሁሉም በላይ የሚከፍለው እሱ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም።

ረቡዕ

ዕድሜውን በውሃ ሥራ ያሳለፈ ባለሙያ ሸዋ በር አጠገብ ቡና ጋበዘኝ። "ስንት ሰው እንደምናጠጣ ንገረኝ እስቲ" አለኝ ቀድሞ። የማውቀውን ነገርኩት፤ በ1987ቱ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 131,139 ነበር፤ በ1999ኙ 183,415 ሆነ።

"ከዚያ ወዲያስ?"

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አልተቆጠረችም። ከተማዋ በግምት ታድጋለች፤ ቧንቧው፣ ፓምፑና በጀቱ በግምት ይታቀዳሉ። የአሮጌው ቧንቧ መገጣጠሚያ ያፈስሳል፤ በዚያ ሁሉ ዳገት ላይ መብራት ተከፍሎበት የወጣ ውሃ ሐረር ደርሶ ይሰርጋል። መስመሩ የሚያልፍባቸው መንደሮችም ተጠምተው ቧንቧው በደጃቸው ሲያልፍ ያያሉ፤ "ለእኛስ?" ማለታቸው መብታቸው ነው።

"ሰው በዛ ይላሉ" አለኝ ስኒውን እያስቀመጠ። "ሰውማ ይበዛል። እኛ ነን ቆጥረን ያልጠበቅነው።"

ሐሙስ፣ በመልስ ጉዞ

ሐረማያ ላይ ወረድኩ። ከዐሥር ዓመት በላይ ደርቆ የቆየው ሐይቅ ተመልሷል፤ ዝናቡም ረድቶታል፣ በተረተሩ ላይ የተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራም እንዲሁ። ወፎች ሰፍረውበታል። ዳር ቆሜ እያየሁ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከዚያ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። አንድ ወጣት ገበሬ ቱቦውን ውሃው ውስጥ አስገብቶ ማሳውን ያጠጣል። ሰላምታ ሰጥቼው ሐይቁ ሲደርቅ ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ልጅ ነበርኩ። እዚያ መሐል ኳስ ተጫውተናል" አለ በእጁ እያሳየኝ።

"ድጋሚ ቢደርቅስ?"

ዝም ብሎ ቱቦውን አየ። "እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይስበዋል" አለ።

ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች አሉት፤ ጫቱ ዛሬ ካልጠጣ በጋው ያልፈዋል። ማን ስንት እንደሚስብ አብሮ የሚወስን፣ ወስኖም የሚያስከብር ሸንጎ እስከሌለ ድረስ መልሱ ትክክል ነው። ሐይቁ ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶናል፤ ሸንጎው ዛሬ ካልቆመ ሦስተኛውን አንጠብቅ።

ሚኒባስ አስቁሜ ተሳፈርኩ። ደንገጎን ስንወርድ ጆሮዬ እንደገና ተደፈነ። ውሃው በዚያችው ሰዓት ሽቅብ እየወጣ ይሆናል፣ መብራት ካልጠፋ። እኚያ እናት ዛሬ ሌሊትም ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ጥለው ይተኛሉ፤ አራት ጀሪካን ይቀራቸዋል።