«ልጅቷን አትጻፏት፣ ፍቺውንም ዝለሉት»

ካናዳ ሆኖ ባሉን ወይም ሚስቱን ከአገር ቤት ለማምጣት ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ከመንግሥት መመሪያ በፊት የሚደርሰው የወዳጅ ምክር ነው። ምክሩ በነጻ ይመጣል፤ ቡና ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ፈረቃ ሲቀያየሩ። «ብዙ አትጻፉ፣ ብዙ መጻፍ ጥያቄ ያመጣል» የሚለው ከሁሉም ይበረታል። ቀጥሎ ፎርም ሞይው ይመጣና ያንኑ ምክር በገንዘብ ይሸጠዋል። ካልጋሪ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ ደሴ የሚኖረውን መምህር ባሏን ለማምጣት ስትነሣ የደረሳት ምክር አጭር ነበር፦ የእሱን ልጅ አትጻፏት፣ የአንቺንም ፍቺ ዝለሉት።

ሴትዮዋ 41 ዓመቷ ነው፤ እሱ 34። እሷ አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች። እሱ ደግሞ ካላገባት ሴት የወለዳት የ6 ዓመት ልጅ አለችው። አማካሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በእነሱ ግምት ኦፊሰሩ ማየት የሚፈልገው ቬሎ፣ ኬክ፣ ሊሙዚንና እኩያ ሙሽሮችን ነው። በዕድሜ የምትበልጥ ፈት ሚስትና ልጅ ያለው ባል «ለወረቀት የተጋቡ» ያስመስላል አሉ።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ ቁጥር 4 እስከ 2010 ድረስ አንድን ትዳር ለመጣል ሁለት ነገር አብሮ መገኘት አለበት ይል ነበር፦ ትዳሩ እውነተኛ አለመሆኑና በዋናነት ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ መፈጸሙ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።) ያኔ በሁለቱ መካከል «እና» ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ «ወይም» ሆነ። አንዲት ቃል ናት፤ ነገር ግን ሲጋቡ ዋና ዓላማቸው ወረቀት ነበር ከተባለ፣ ዛሬ ተዋደውና ተከባብረው ቢኖሩም ማመልከቻቸው ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ታሪኩን ማሳመር ቢያምረው አይገርምም። የሚገርመው ለማሳመር የሚመርጠው ቦታ ነው።

ፍቺውን እንውሰድ። ሴትዮዋ ካናዳ የገባችው በ2014 በመጀመሪያ ባሏ ስፖንሰርነት ነው። የያኔው የጋብቻ ወረቀቷ፣ የሠርጓ ፎቶ፣ «እንዴት ተዋወቃችሁ» ለሚለው የሰጠችው መልስ ሁሉ ዛሬ ማመልከቻ በምታስገባበት መሥሪያ ቤት እጅ ነው። እንዲያውም ደንቡ እንደሷ ላለ ሰው የተለየ መስመር አለው፦ በትዳር ስፖንሰር ተደርጎ የመጣ ሰው መኖሪያ ፈቃድ ካገኘ 5 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትዳር አጋር ማምጣት አይችልም። የእሷ 5 ዓመት በ2019 ሞልቷል። ፍቺውን ብትጽፍ የምታጣው ነገር የለም። ብትዘለው ግን ፍሬ ነገርን መደበቅ ይሆናል፤ በዚህ የተያዘ አመልካች ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል። አመልካቹ ደግሞ እሷ አይደለችም፤ ደሴ ያለው ባሏ ነው። ምንም የማይጠቅም ውሸት ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

የልጅቷ ነገር ከዚህም ይከፋል። ካናዳ አመልካቹን ከ22 ዓመት በታች ያሉና ያላገቡ ልጆችህን በሙሉ ዘርዝር ትለዋለች፤ አብረውት ባይመጡም፣ ከእናታቸው ጋር ቢኖሩም። መዘርዘር ብቻም አይበቃም፤ የማይመጣው ልጅም የሕክምና ምርመራ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ያልተጻፈና ያልተመረመረ ልጅ በኋላ ላይ በቤተሰብነት ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። የደንቡ ቁጥር 117 (9) (ዲ) የሚባለው ይኸው ነው፤ ስንት አባት ስሙን የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ሥራ ይይዛል፣ ቤት ይከራያል፣ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ልጄን ላምጣ ይላል። ያን ጊዜ የሚወጣው የራሱ ፊርማ ያለበት ፎርም ነው። የልጆች ዝርዝር በሚለው ቦታ «የለም» ተብሏል። በደም ልጁ ናት፤ በዚያ ፎርም ግን የቤተሰቡ አባል አይደለችም።

ከመስከረም 2019 ጀምሮ ካናዳ ለአንዳንዶች ጊዜያዊ በር ከፍታለች፤ ስደተኛ ሆነው የመጡ ወይም ራሳቸው በትዳር ስፖንሰር የተደረጉ ሰዎች ያላስመዘገቡትን የቤተሰብ አባል በተወሰነ ሁኔታ ማምጣት እንዲችሉ። ይህን የሰማ ፎርም ሞይ «አየሽ፣ በኋላ ይስተካከላል» ይላል። በኋላ የሚስተካከለው ግን ተጨንቆ ወይም ሳያውቅ ስሙን ላልጠቀሰ ሰው የተከፈተ ጊዜያዊ መንገድ ነው። ሊዘጋ የሚችልን በር ታምኖ ልጅን ከመዝገብ መሰረዝ ምክር አይባልም።

አማካሪዎቹ የሚፈሩት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ መሆኑን መካድ አይቻልም። ኦፊሰሩ የልጅቷን እናት ስም ሲያይ «እውነተኛዋ ሚስት እሷ ብትሆንስ?» ሊል ይችላል። ባልየው ይህን ያወቀ ዕለት የሄደው ወደ ልጅቷ እናት ነው። መቼ እንደተለያዩ፣ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ እሱ በየወሩ ምን እንደሚሰጥ በጽሑፍ አስፍረው ሁለቱም ፈረሙ። ቀላል አልነበረም። ሴትየዋ መጀመሪያ «ለእናንተ መሄጃ እኔ ልፈርም?» ብላ መልሳዋለች፤ ብትል አይፈረድባትም። ሁለተኛ ሲሄድ አክስቱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪኩን መጻፍ ነው። 5532 ቁጥር የሚባለው ፎርም እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን አስተዋወቃችሁ፣ በአካል መጀመሪያ የተያያችሁት መቼ ነው፣ ሥነ ሥርዓት ነበር ወይ፣ እነማን ተገኙ እያለ ይጠይቃል። እውነቱ እንዲህ ነው፦ የእሷ እናትና የእሱ አክስት የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። ነገሩን ያነሡት እነሱ ናቸው። ስምንት ወር በስልክ አወሩ፤ ከዚያ ሽማግሌ ተላከ፤ እሷ ሄደች፤ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. እናቷ ቤት አርባ ሰው በማይሞላ ምሳ ተጋቡ፤ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትም ተመዘገቡ። ቬሎ የለም፤ ሐበሻ ቀሚስ ነው። ፎርም ሞይው ይህን ሲሰማ «ፌስቡክ ላይ ተዋወቅን በሉ፣ ሽማግሌ ካላችሁ ተገደው ተጋቡ ይባላል» አለ።

ይህ ሰው ኦፊሰሩን አያውቀውም። የኢትዮጵያ ፋይሎች ለብዙ ዓመታት ናይሮቢ ሲታዩ ኖረዋል፤ ሽማግሌን፣ ቀለበትን፣ መልስን ስንት ጊዜ እንዳነበቡት መገመት አያቅትም። የሐበሻን ፋይል ሲያገላብጥ ለኖረ ሰው የሚያጠያይቀው የሽማግሌ መኖር ሳይሆን አለመኖሩ ነው። ደግሞም በፌስቡክ የተጀመረ ፍቅር የፌስቡክ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ከየት ይመጣል? አንድ ነገር ከተፈጠረ ሌላው መፈጠሩ አይቀርም፤ ቃለ መጠይቅ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ ያልኖሩትን ታሪክ እኩል ማስታወስ ሊኖርባቸው ነው።

ሌላም ምክር ነበር፤ «ትኬቱን ቆጥቢ፣ በውክልና ተጋቡ» የሚል። እሷ አልሰማችውም እንጂ ብትሰማው ኖሮ ፋይሉ ገና ከበሩ ይመለስ ነበር። ካናዳ ከሰኔ 2015 ጀምሮ ሁለቱ ተጋቢዎች በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ በውክልናም ሆነ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመውን፣ ለዚህ ጉዳይ አትቀበልም። የእኛም የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ራሳቸው መቅረብ አለባቸው ይላል፤ ከባድ ምክንያት መኖሩ ታይቶ ካልተፈቀደ በቀር።

ማስረጃ መሰብሰቡ ብዙውን ጊዜ የሚያደክም እንጂ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ፎቶ እስከ 20፣ የመልእክት ልውውጥ እስከ 10 ገጽ ነው የሚፈለገው፤ ሺህ ገጽ የሚያትመው ሰው ለራሱ ጭንቀት ነው የሚያትመው። በዚህ ፋይል ያስጨነቀው ሌላ ነበር። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ተጋብተው ገና ስድስት ወራቸው ነው። ከዚያ በፊት ቀን ከሌት የሚጻጻፉ ባልና ሚስት ድንገት ዝም ያሉ ይመስላሉ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ትዳሩ ቀዘቀዘ ወይም ከመጀመሪያውም ለማስመሰል ነበር ሊል ይችላል። መፍትሔው ያንን ጊዜ መዝለል አልነበረም። በእነዚያ ወራት በመደበኛ ስልክ የደወለችበትን የካናዳ የስልክ ሂሳብ አወጣች፤ ለምን ዝምታ እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። የኢንተርኔቱ መዘጋት በዓለም የዜና ማሰራጫዎች የተዘገበ ነገር ነው፤ ለማስረዳት አያስቸግርም።

ገንዘቡ ግን አስቸግሯል። ለሁለት ዓመት የላከችው አብዛኛው ብር በሰው እጅና በጥቁር ገበያ ነው የሄደው፤ ደረሰኝ የለውም። ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ የተላከ ገንዘብ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። በባንክ የላከችውን ጥቂቱን ብቻ አያያዘች።

አንድ ትንሽ ወረቀት ደግሞ ሁሉን ሊያፈርስ ነበር። የጋብቻ ውሉን በእንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ቀኑን ሳይቀይር «ጃንዋሪ 20፣ 2015» ብሎ ጻፈው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 28፣ 2023 ነው። የሴትዮዋ ፍቺ በ2017 ነው የጸደቀው። በትርጉሙ መሠረት እንግዲህ የመጀመሪያ ባሏን ሳትፈታ ሁለተኛ አግብታለች ማለት ነው! ያስተዋለው ባልየው ነው፤ አስተማሪ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ወረቀቱን እንደ ተማሪ ፈተና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነበር ያነበበው። የሚከፈለው ፎርም ሞይ አላየውም። ካናዳ ውስጥ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ በክፍያ ማማከር የሚፈቀደው ለጠበቆችና ፈቃድ ላላቸው አማካሪዎች ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ስሙ በፋይሉ ላይ የትም አይገኝም። ስህተቱ ሲወጣ የሚጠየቀው ፈራሚው ብቻ ነው።

ከወረቀቱ ሁሉ ሴትዮዋ እጇ ላይ የከበዳት የኃላፊነት ውሉ ነበር። ስፖንሰሩ የትዳር አጋሩ መኖሪያ ፈቃድ ካገኘበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቱን እንደሚሸፍን ይፈርማል። በእነዚህ ዓመታት ሰውየው የመንግሥት ድጎማ ቢቀበል ዕዳው የስፖንሰሩ ነው። ሥራ ማጣት ውሉን አያቋርጠውም፤ ፍቺም አያቋርጠውም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ማቪ በተባለው መዝገብ መንግሥት ለባለዕዳው ተገቢውን ማሳወቂያና የመደመጥ ዕድል መስጠት አለበት ቢልም ዕዳውን ግን አላነሣም። ልጅቷ አንድ ቀን የምትመጣ ከሆነ ደግሞ የዚህ ዕድሜ ልጅ ውል 10 ዓመት ነው። ይህን የሚያህል ፊርማ ለገዛ ልጁ እንኳ የሚያመነታ አለ።

ሴትዮዋ የዚህን ውል ሌላኛውን ጫፍ ታውቀዋለች። እሷ በገባችበት ዘመን፣ አዲስ ተጋቢ ሆኖ ስፖንሰር የተደረገ ሰው ከስፖንሰሩ ጋር 2 ዓመት አብሮ ካልኖረ መኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ የሚችልበት ግዴታ ነበር፤ ከ2012 መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 2017 ጸንቶ ቆይቷል። በደል ለደረሰበት ሰው የተለየ ቀዳዳ ነበረው፤ ግን ቋንቋ የማይችል አዲስ መጪ ያንን ቀዳዳ ከየት ያውቀዋል? የመጀመሪያ ባሏ በተቆጣ ቁጥር «ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፣ እመልስሻለሁ» ይላት ነበር። ያ ግዴታ መነሣቱ ከካናዳ የኢሚግሬሽን ለውጦች ሁሉ ለሐበሻ ሴቶች የበለጠ የጠቀመው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ፈራሚዋ እሷ ናት። እህቷ «ወረቀቱን አግኝቶ ቢሄድስ?» ብላ ጠየቀቻት። ሊሄድ ይችላል። መኖሪያ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ትዳራቸው በራሱ ምክንያት ቢፈርስ ማንም አይመልሰውም፤ እሷ ግን ሦስቱን ዓመት ተጠያቂ ሆና ትቀጥላለች። ሕጉ ስፖንሰሩን የገንዘብ ኃላፊ እንጂ የሰውየው ጌታ አያደርገውም። ጌታ የሆነበትን ጊዜ እሷ ኖራበታለች፤ ለእህቷም ይህንኑ ነግራት ፈረመች።

ፋይሉ ሲገባ የልጅቷ ስም ከነአባቷ ስም ተጽፏል፤ «አብራ ትመጣለች ወይ» ለሚለው ለጊዜው «አትመጣም» ተብሏል። የምርመራው ትእዛዝ ሲደርስ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም እንደ ሰሞኑ ነው። ልጅቷን ማን ይዟት ይሂድ የሚለው ሁለት ሳምንት አነጋገረ። በመጨረሻ እናትየው እኔው እወስዳታለሁ አለች፤ የአውሮፕላኑን የሚከፍል ከሆነ።