ረዳቷ የት ትቁም?

ካምፓላ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኘው ገና ሳይነጋ ነው። ከካባላጋላ ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠዋት የቆመ ሰው፣ ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ሦስት ልጆች ተደራርበው ሲያልፉ ያያል። ትንሹ ከፊት ይቀመጥና መሪውን እሱ የያዘው ይመስል ኮራ ብሎ ይሄዳል። ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ ላብ እንደምታወጣ እየታወቀ ልጆቹ ሁሉ ሹራብ ለብሰዋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ለምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሁሉ «ዩኒፎርም ነዋ!» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በር ላይ በምትቀበላቸው ሴት ነው። ርዕሰ መምህሯ አይደለችም። መምህሯም አይደለችም። የተፈታ የጫማ ክር ታስራለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ከፊቱ ታውቃለች። ደወል ሲደወል ልጆቹን አስከትላ ትገባና ከክፍሉ ጀርባ ትሰወራለች። በእኛ አገር መዋዕለ ሕፃናት «ረዳት» ወይም «ሞግዚት» የምንላት ናት። ሰው አድጎ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ የመምህሩን ስም፣ የዘበኛውን ስም፣ አንዳንዴም የዘበኛውን ውሻ ስም ይጠራል። የእሷን የሚጠራ ብዙ አልሰማሁም።

ካባላጋላና ካንሳንጋ ሐበሻ የሚበዛባቸው ሰፈሮች ናቸው። እንጀራ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቡናው ሲቆላ ጭሱ የጎረቤትን የሙዝ ማቶኬ ሽታ ያሸንፋል። በአንዱ ቡና ቤት ነው እንግዲህ ከአንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ጋር የተዋወቅነው። እዚያው አካባቢ ባለች አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ረዳት ናት። የተቀጠረችው አማርኛ፣ ትግርኛና እንግሊዝኛ ስለምትችል ነው፤ ትምህርት ቤቷ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በዝተውባታል። በመጀመሪያው ቀን መምህሯ በጣቷ የኋላውን ግድግዳ አሳየቻት። ሥልጠናው ይኸው ነበር።

«ጋሼ፣ እሺ ብዬ ከኋላ ቆምኩ» አለችኝ። «እንግሊዝኛ የማይገባውን አንድ ልጅ አጠገቤ አስቀመጥኩት። መምህሯ በእንግሊዝኛ ስትናገር እኔ በጆሮው በአማርኛ እነግረዋለሁ። ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱንም እነግረዋለሁ። ደብተሩ በሙሉ ራይት ሆነ፣ እናቱ መረቀችኝ። ቆይቼ ሳይ ግን ልጁ መምህሯን ማየት ትቷል። ቀና ብሎ እንኳ አያያትም። ለምን ያያታል? እኔ አለሁለት።»

ይህችን ወሬ ብዙ ጊዜ አመላልሻታለሁ፤ እንግሊዞች ዓመታት ፈጅተው የደረሱበት ነገር ናትና። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 በፒተር ብላችፎርድ መሪነት ረዳቶች ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ተጠንቶ ነበር። (በዚህ ወግ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ካምፓላ ተቀምጬ በሌላ ብቆጥር የሚሰማኝ የለም።) ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። ከረዳት ብዙ እገዛ ያገኘው ልጅ፣ በችሎታም በችግርም ከሚመስለው ጓደኛው ያነሰ መሻሻል አሳይቶ ተገኘ። ለሚቸኩል ሰው ጥፋቱ የረዳቶቹ ይመስላል። አጥኚዎቹ ግን ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ሌላ ነው። በጣም የደከመው ልጅ ከመምህሩ ተለይቶ ለረዳቷ ይሰጣል። ረዳቷ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ምን እንደሆነ የምታውቀው ከልጆቹ እኩል፣ መምህሩ አፉን ሲከፍት ነው። አብረው የሚያቅዱበት ሰዓት የለም። አብዛኛው መምህርም ከረዳት ጋር እንዴት እንደሚሠራ ማንም አላስተማረውም። የክፍሉን ንግግር ቀድተው ሲያዳምጡት ደግሞ መምህራኑ ልጁ እንዲያስብ ሲገፋፉ፣ ረዳቶቹ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሲጣደፉ ሰሙ። ምን ይደረግ፣ ያለቀ ደብተር ደስ ይላል! ወላጅ ከቤቱ ሆኖ የሚያየውም ደብተሩን ነው።

እንግሊዞቹ ይህን የሚከራከሩት አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ያህል ልጅ ይዘው ነው። ዩጋንዳ በ1997 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ የተማሪው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ ወደ 5.3 ሚሊዮን ወጣ። ያውም ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ መጀመሪያ ቃል የገቡት ከየቤተሰቡ ለአራት ልጅ ብቻ ነበር። ልጅ በአዋጅ ይመጣል፤ መምህርና መቀመጫ ግን በአዋጅ አይመጣም። በታችኞቹ ክፍሎች መቶና ከመቶ በላይ ልጅ ለአንድ መምህር ሆነ። ሒሳቡን እንሥራው ብንል፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለመቶ ልጅ እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ 24 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ስሙ ተጠርቶ፣ ከተደረደረው ልጅ መሐል ተሹለክልኮ እስኪቆም ያልቃል። ኮቪድ መጥቶ ከማርች 2020 እስከ ጃንዋሪ 2022 ትምህርት ቤቶቹ በሙሉም በከፊልም ተዘግተው ቆዩ፤ በዓለም ከዚያ የረዘመ መዘጋት አልታየም። ሲከፈቱ አንዱ ክፍል ውስጥ የሚያነብም፣ ማንበብ የረሳም፣ ፊደል ከነአካቴው ያላየም ጎን ለጎን ተቀመጠ። እንዲህ ባለ ክፍል ሁለተኛ ሰው ማስገባት ቅንጦት አይደለም።

በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጁ በአካባቢው ቋንቋ ይማር ይላል። ካምፓላ ውስጥ ግን የአካባቢው ቋንቋ የትኛው ነው? ሉጋንዳ የሚናገረው፣ ከሰሜን የመጣው፣ ከኮንጎ የተሰደደው፣ ሶማሌው፣ ሐበሻው አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ስለሚቀመጡ ብዙው የከተማ ትምህርት ቤት ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ስደተኛ ተቀብላለች። በ2018 ለስደተኞችና ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ልጆች የትምህርት ዕቅድ ወጥቶ፣ በስደተኞች ሰፈራዎች የልጆቹን ቋንቋ የሚያውቁ ረዳቶች ከመምህሩ ጋር ክፍል ይገባሉ። ካምፓላ ልኑር ያለ ስደተኛ ግን ራሱን ይቻል ነው ደንቡ። በአማርኛ ጥርት አድርጎ የሚያነብ የአሥር ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ስለሌለው ብቻ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ሲቀመጥ፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ወጥቶ፣ እፍረቱን ማየት ያስጨንቃል።

ለእኛ የረዳት ነገር እንግዳ አይደለም። የኔታ ስንቱን ልጅ ለብቻቸው ይዘልቁታል? ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በቅኔ ቤትም አስነጋሪ አለ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 ለንደን ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ ሲያደርግ ብልሃቱ ዓለምን አዞረ፤ የጎጃም ቆሎ ተማሪ ቢሰማ «ታዲያ ሌላ እንዴት ሊሆን ኖሯል?» ይል ነበር። በቅርቡም ኢትዮጵያ ከ2010 ወዲህ ለቅድመ መደበኛ ከቀየሰቻቸው መንገዶች አንዱ «ልጅ ለልጅ» ነው፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሰፈሩን ሕፃናት በጨዋታ ያለማምዳል። ልዩነቱ አስነጋሪው የሚያስነግረውን ነገር ራሱ አልፎበት መምጣቱ ነው። የካባላጋላዋ ልጅ ያስታቀፏት የዩጋንዳ መጽሐፍ እሷም የዚያኑ ዕለት የምታየው ነበር።

ረጅም ሥልጠና ያስፈልጋል ወይ? እኔ እንጃ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ከየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መልምሎ፣ ሁለት ሳምንት አሠልጥኖ፣ ወደ ኋላ የቀሩ ሃያ ያህል ልጆችን በቀን ለሁለት ሰዓት እንዲይዙ አደረገ። «ባልሳኪ» ይሏቸዋል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ እነ አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ሙምባይና ቫዶዳራ ላይ ለክተው ልጆቹ በእርግጥ እንደተሻሻሉ በ2007 አሳተሙ። ሁለት ሳምንት ብቻ! ነገር ግን ባልሳኪዋ ምን እንደምታስተምር፣ ለማን፣ ከየት ጀምራ እንደምታስተምር ታውቃለች፤ ቡድኑም የራሷ ነው። ግድግዳ ሥር ቆማ አታንሾካሹክም።

እኔ አሠልጣኝ ብሆን (ማንም አልጠየቀኝም) ዝም ማለትን አስቀድም ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የክፍል ንግግሮችን ቀድታ ስታዳምጥ፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሴኮንድ እንዲታገሡ ሲደረግ መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች መናገር ጀመሩ። ሦስት ሴኮንድ ሲነገር ትንሽ ነው፤ ለምትወዱት ልጅ መልሱ ምላሳችሁ ላይ እያለ ሲጠበቅ ግን አያልቅም። ያቺን ልጅ ቡና ቤት ውስጥ ሞክሪው ብዬ አንድ ነገር ጠየቅኋትና ሁለታችንም ዝም አልን። አስተናጋጁ የተጣላን መስሎት ሒሳብ ይዞ መጣ።

ሁለተኛው ነገር መቆሚያው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ካምፓላ ራሷ አስተማሪ አላት። የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት በ1995 ሲጻፍ ለመስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ እንዲዳብር አስፍሯል፤ በዓመቱም መስማት የተሳናቸው አሌክስ ንዴዚ ፓርላማ ገቡ። በንቲንዳ ሰፈር መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። በ2003 ሦስት ተቋማት ተዋሕደው የተመሠረተው የኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ እግሩ የቀድሞው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተቋም ነው፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችንም ያሠለጥናል። ሙያውን የተማረ አስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ከጀርባ አይቆምም። ከመምህሩ ጎን፣ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ፣ ልጁ መምህሩንም ሰሌዳውንም እሱንም በአንድ እይታ እንዲያይ አድርጎ ነው። ለልጁ ያስተረጉማል እንጂ በልጁ ፈንታ አይመልስም። ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱን እንዳለ ለመምህሩ ያደርሳል፤ መምህሩ ልጁ የት ላይ እንደጠፋ የሚያውቀው በዚያ ነውና። የጆሮ ሹክሹክታ ግን ስሕተቱን መንገድ ላይ ይውጠዋል።

ሦስተኛው እጅን ከልጁ ላይ ማንሳት ነው። በ1976 ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ሦስት ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ሠላሳ ልጆች በ21 የእንጨት ቁራጮች ፒራሚድ ሲሠሩ አንዲት አስተማሪ እንዴት እንደምታግዛቸው ጻፉ። ለትንሹ ታሳየዋለች፣ ለመካከለኛው ትነግረዋለች፣ ለትልቁ እየራቀች ትሄዳለች። ይህን እገዛ ከግንበኛ መወጣጫ ጋር አመሳሰሉት። ካምፓላ ላይ መወጣጫው የባሕር ዛፍ ነው፤ እንደ አዲስ አበባው። ፎቁ አልቆ፣ መስተዋት ገብቶለት፣ ታችኛው ላይ ሱቅ ተከፍቶ ባሕር ዛፉ ግን ሳይፈርስ የቆመባቸውን ሕንፃዎች እያየሁ አልፋለሁ። ባለቤቱን ቢጠይቁት «ምን አስቸኮላችሁ?» ይላል መሰለኝ።

ዩጋንዳ በ2019 ባወጣችው የመምህራን ፖሊሲ መምህር ሁሉ ዲግሪ እንዲኖረው ትፈልጋለች። ጥሩ ነው። ግን መምህሩ በዲግሪ ትምህርቱ ውስጥ ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ሰው እንዳለ፣ ለዚያ ሰው ትምህርቱን አስቀድሞ መስጠት እንዳለበት ካልተማረ፣ ረዳቷን ብቻ ኮርስ ማስገባት ምን ይፈይዳል? እሷ ሠልጥና ትመጣለች፤ ጣት ግድግዳውን ያሳያታል።

ያቺ ልጅ ግን አልጠበቀችም። አንድ ዓርብ መምህሯን ለምና የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት በአሥር ደቂቃ አስነገረቻት፤ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ልማድ ሆነ። ቃላቱን ቅዳሜና እሑድ አጥንታ ሰኞ ጠዋት፣ ገና መማር ሳይጀመር፣ ለልጆቹ በአማርኛም በትግርኛም ታሳውቃለች። በትምህርቱ ሰዓት ወደ መስኮቱ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብላ ትቆማለች፤ ጉዳዩ ሲከብድ እንጂ አትናገርም። ያ አጠገቧ የነበረው ልጅ በሉጋንዳ መሳደብ ለምዷል፤ እሷ ይህን እንደ ትልቅ ዕድገት ነው የምትቆጥረው። እውነቷን ነው፣ የሚሰድበው ጓደኛ አግኝቷል ማለት ነው።

አሁን የቀረው የሻይ ጉዳይ ነው። በዕረፍት ሰዓት ለመምህራኑ ሻይ ከተቀቀለ ካሳቫ ጋር ይቀርባል፣ ለጽዳትና ለዘበኛ ሻይ ብቻ። የእሷ ስም ከሁለቱም ዝርዝር ላይ አልነበረም። ሒሳብ ያዧ ዘንድ ስትሄድ «ቆይ፣ አንቺ መምህር ነሽ ወይስ ሠራተኛ?» አለቻት።

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«መጀመሪያ ካሳቫውን አምጪ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አልኳታ!»