የሃያ ሁለቷ ላፕቶፕ ትኩሳት

አማርኛችን ሙቀትን ይወዳል። ጨዋታው ሲደምቅ «ሞቀ» እንላለን፤ ገበያው ሞቀ፣ ሠርጉ ሞቀ፣ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነበር። ሁለት ብርሌ ጠጅ የጨለጠ ሰው እንኳ በጨዋ ደንብ «ሞቅ አለው» ይባላል እንጂ ሰከረ አይባልም። የሙቀት ስሙ የሚከፋው በሁለት ቦታ ነው፤ በበሽተኛ ግንባርና በሞተር ላይ። በሽተኛው «አተኮሰው»፣ መኪናው ደግሞ «አፈላ» ይባላል። የዓባይን በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ኮፈኑን ከፍቶ በጀሪካን ውኃ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ሳያይ አልቀረም።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ እህቴ ደውላ «ላፕቶፑ አፈላ!» ስትለኝ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ከተገዛ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ገንዘቡ የእቁብ ዕጣዋ ነበር። ዕጣው ሲደርሳት የቤቱ ጣሪያ ይታደስ ወይስ ለልጅቱ ላፕቶፕ ይገዛ ተብሎ በቤተሰብ ሸንጎ ተመክሮበት፣ ጣሪያው ተሸንፎ የተገዛ ዕቃ ነው። ተሸናፊው ጣሪያም በዚያው ሳምንት ሳሎኑ ውስጥ ሳፋ አስቀምጦብናል። ልጅቱ አርክቴክቸር የምታጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ የመመረቂያ ሥራዋን ለማስረከብ የቀራት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ሃያ ሁለት ቤታቸው ሄጄ አየኋት። ብርማ፣ ከጣት እምብዛም የማትወፍር፣ ስታነሷት የተማሪ ደብተር የምትመስል ነገር ናት። የተቀመጠችው በባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጋቢ አልተነጠፈባትም፣ አልጋ ላይም አልወጣችም። ልጅቱ የሕንፃውን ንድፍ በብርሃንና በጥላ አሳምሮ እንደ ፎቶግራፍ የሚያወጣውን ሥራ፣ እነሱ «ሬንደር» የሚሉትን፣ አስጀመረች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ጮኸ። «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ያድርጉ» አለችኝ። ከፊደሎቹ በላይ ያለው ብረት እጅ አያስቀምጥም። ቀጥሎ ማሽኗ ተጎተተች።

የሸጠልን ሱቅ ከማዞሪያው ብዙም ሳይርቅ ከቆሙት ባለ መስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው፤ ስሙን እተወዋለሁ። ወጣቱ ሻጭ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ኖርማል ነው ፋዘር» አለኝ። «አዲስ ላፕቶፕ ይሞቃል፤ ይለመዳል።» ማን ማንን እንደሚለምድ ግን አልነገረኝም። ከራሱ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለው የታወቀችው ማስታወቂያ ተለጥፋለች። በደረሰኛችን ላይ ደግሞ የአንድ ሳምንት ዋስትና ተጽፏል፤ ሌላ ሰው ብሎኗን ከፈታ ዋስትናው ይቀራል። የቀረን አራት ቀን ነው።

በዚህ አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። ገዢ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበትም የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። መልካም ነው። ችግሩ ጉድለት መኖሩን ማን ያውቃል? ስንጥቅ ቢሆን በዐይን ይታያል፤ ሙቀት ግን ባሕርይ ይሁን በሽታ በምን ይለያል? ሻጩ «ኖርማል ነው» ሲለኝ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሊሸኘኝም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ቃል ነው የሚነገሩት።

ሁለቱን የለየችልን እዚያው ጎዳና ላይ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ጠጋኝ ናት። ማሽኗን ገና ስታያት «አልከፍታትም» አለች። «ከከፈትኳት ዋስትናችሁን በላሁባችሁ ማለት ነው። ሳልከፍት ልያት።» በዚህች አንዲት ቃል አመንኳት። የውስጡን ሙቀት የሚያነብ ፕሮግራም ጫነችና ሬንደሩን አስጀመረች። ቁጥሩ ከ48 ተነሥቶ በሽቅብ እየሮጠ 97 ላይ ቆመ።

«አባባ፣ እዚህ አዲስ አበባ ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«መቶ» አልኩ፤ ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነዋ።

«መቶ የባሕር ዳር ሰዎች ነው። የእኛ 92 ገደማ ነው።»

ቆም ብዬ አሰብኩት። በዚያች ቀጭን ዕቃ ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታህል ፕሮሰሰር ከሚንተከተክ ጀበና የበለጠ ትሞቃለች ማለት ነው! ጠጋኟ ግን አልደነገጠችም። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 100 ዲግሪ ገደማ እንዲችሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ወደዚያ ሲጠጉ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። መጎተቷም ከዚህ የመጣ ነው፤ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው እንጂ አልታመመችም። ሻጩ በዚህ አልዋሸም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ እውነቱን ተናግሮ ምንም ሳይነግረኝ መቅረቱ።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ቻርጀሩን ማየት ይበቃል። የልጅቱ ቻርጀር 65 ዋት ይላል። ድሮ ቤታችን ያበራ የነበረውን ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል አስታውሱ፤ በርቶ ሳለ በባዶ እጅ መንካት የሚደፍር አልነበረም። ላፕቶፕ ከባድ ሥራ ላይ ሳለች የምትበላው ኤሌክትሪክ ከዚያ አምፖል ጋር ይቀራረባል፤ የበላችውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አምፖሉ ግን ጣሪያ ሥር ብቻውን ተንጠልጥሎ ዙሪያውን አየር ያገኝ ነበር። እሷ ያንኑ ሙቀት ጣት በማትሞላ ስፋት ውስጥ ይዛ፣ ከሥሯ ባሉ ቀዳዶች አየር ስባ፣ በጎኗ ማስተንፈስ አለባት።

ከፕሮሰሰሩ ወደ ፋኑ ሙቀቱን የምታደርሰው የመዳብ ቱቦ አሠራር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በውስጧ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ፣ አየሩ ወጥቶለት ታሽጓል። በሙቁ ጫፍ ይተንናል፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ እንደገናም ወደ ሙቁ ጫፍ ይመለሳል። አረቄ የምታወጣ እመቤት ብታያት አሠራሯን ለመረዳት ማንንም አትጠይቅም። ልዩነቱ ይህችኛዋ ያወጣችውን ራሷ መልሳ መጠጣቷ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ነገር ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። አየር መንገዳችን በ1950ዎቹ አጋማሽ የጄት አውሮፕላን ባለቤት ሲሆን የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ ነው ወደ ቦሌ የተዛወረው። በሳሳ አየር ክንፍም ሞተርም ስለሚደክሙ፣ በቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ረጅም መሮጫ ይፈልጋል፤ ረጅሙ ሜዳ 3,800 ሜትር ነው። ይኸው አየር ነው የሯጮቻችንን ሳንባ ያጠነከረው። ሰው ሲለምደው ይበረታበታል፤ ፋን ግን ሥልጠና አያውቅም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በከፍታው ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ በመመሪያቸው ይጽፋሉ፤ እኛ ከዚያ በታች ነን። ትልልቅ የኮምፒዩተር ክፍሎች ላላቸው ድርጅቶች መመሪያ የሚያወጣው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ለብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ይላል። ለእኛ ከተማ ይህ አምስት ዲግሪ ያህል ነው። የሐምሌ ብርዳችን ደግሞ ይህን ከነወለዱ ይከፍላል። ጂቡቲ ላይ ያለ ሰው ወፍራም አየር አለው፤ ነገር ግን የሚነድ አየር ነው።

ታዲያ ዋናው ጥፋት የማን ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ የካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት ማሽኗ ለጥቂት ጊዜ ተፈናጥራ የምትደርስበት እንጂ የምትዘልቅበት አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ዩሴን ቦልት በርሊን ላይ መቶ ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሮጠ፤ በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው በርሊን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። ሱቁ የቦልትን ቁጥር አሳይቶ ሸጠልን፤ የልጅቱ ሬንደር ግን ማራቶን ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በኃይሌ ስም በሚጠራው ጎዳና ዳር መሆኑን ሳስበው ትንሽ ፈገግ አልኩ። ኢሜይል ለሚጽፍና ፊልም ለሚያይ ሰው የመቶ ሜትሩ ፍጥነት በቂ ነው፤ እሱ ልዩነቱን ሳያውቅ ይኖራል።

ጠጋኟ ሌላም ነገር አሳየችን። ማሽኗ ሬንደሩ ቆሞም ሥራ አላቆመችም። አዲስ ኮምፒዩተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሻሻያዎችን ከኢንተርኔት እያወረደች ትጭናለች፣ ፋይሎቹን እያገላበጠች ትመዘግባለች፣ ቫይረስ ትፈትሻለች። ልጅቱ ሥራዋን በጀመረች ቁጥር ሌላ የማትታይ ሠራተኛ አብራት ትሠራ ነበር። «ይቺን አንድ ሌሊት ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ ተዉአት፤ ትጨርስ» አለች። ቀጥላ በኃይል ማስተካከያው ውስጥ ገብታ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 በመቶ ወደ 99 አወረደችው። አንድ በመቶ ምን ያመጣል ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ያቺ አንድ በመቶ የመፈናጠሪያውን በር የምትዘጋ ቁልፍ ናት፤ ማሽኗ ከመደበኛ ፍጥነቷ በላይ መዝለሏን ትተዋለች።

ሬንደሩን እንደገና አስጀመርነው። ቁጥሩ 78 ላይ ቆመ። ፋኑ ጮኸ እንጂ አላለቀሰም። ቤት ውስጥ 41 ደቂቃ የፈጀው ሥዕል አሁን 46 ደቂቃ ወሰደ። አምስት ደቂቃ ከፍሎ ወደ ሃያ ዲግሪ የሚጠጋ መግዛት ርካሽ ነው አልኩ፤ ልጅቱ ግን ጣቷን እየቆጠረች ሠላሳ ሥዕል ሲባዛ በአምስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው አለችኝ። የእሷ ሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ትክክል ነበር።

ለጠጋኟ ሒሳብ ልክፈል ስል «ምን ከፍቼ?» አለች፤ በግድ የሻይ ሰጠናት። በመሸኛው ላይ አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። የፕሮሰሰር ሙቀት አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ባትሪው ነው። የታችኛው ክዳን ካበጠ ወይም የእጅ ማሳረፊያው ሽቅብ ከተነሣ ያን ቀን ማጥፋትና ቻርጀሩን መንቀል ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዴል የተባለው ኩባንያ በሶኒ የተሠሩ አራት ሚሊዮን ገደማ የላፕቶፕ ባትሪዎች እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ ተብሎ ከገበያ ሰብስቧል።

ዋስትናው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው የቤተሰቡ ሸንጎ እንደገና ተቀመጠ። እህቴ ትመለስ አለች፤ ልጅቱ አትመለስም አለች። እኔ ሱቁ ድረስ ሄጄ በዚሁ ዋጋ ወፈር ያለች፣ ፋኗ ሁለት የሆነ፣ ክብደቷም የሚሰማ ማሽን እንዳለው ጠየቅሁት። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን ከስልኩ አነሣ። «ፋዘር፣ ወፍራም ማን ይገዛል?» አለኝ። እውነትም መደርደሪያው ላይ አንዲት እንኳ ወፍራም አልነበረችም። ላፕቶፗ አልተመለሰችም።

ልጅቱ የቀረውን በራሷ ዘዴ ጨረሰችው። አራት የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ፣ በአራቱም ማዕዘን አስገብታ ማሽኗን ከጠረጴዛው ከፍ አደረገቻት፤ ከሥሯ አየር ሲገባላት ሌላ አራት ዲግሪ ወረደላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ቤት ስታጸዳ «ይኼ ምን ቆሻሻ ነው?» ብላ ጠርጋ ጣለቻቸው። ልጅቱ በዝናብ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ሮጠች። ባለሱቁ ከሳጥኑ ሥር እየለቀመ «የኮካ ይሁንልሽ የሚሪንዳ?» ሲላት ሰማሁት።

«የፈለገው ይሁን» አለችው፤ «ብቻ ያልተጣመመ።»